የኮሌጅ ቤዝቦል ቡድንን የሻምፒዮና ዘመን ከአራት ኪሎ ሆኖ እንዴት መከታተል ይቻላል

ቡድናችሁን በየካቲት መጀመሪያ ምረጡ። በሰኔ፣ ስምንት ቡድኖች ብቻ ቀርተው የመጨረሻው ውድድር ወደሚካሄድባት ከተማ ወደ ኦማሃ ሲገቡ መጀመርም ይቻላል፤ ግን በሰኔ የሚመጣ ተመልካች ውጤቱን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያይም። በአሜሪካ ኮሌጆች ቤዝቦል ዋንጫ የሚያነሣው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ያልደከመ የወርዋሪ ክንድ የተረፈው ነው። ይህን አጥብቄ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ እነዚያን ክንዶች እንዴት እንደምትቆጥሩ ላሳያችሁ።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ስመዘግብ እውላለሁ፤ መኖሪያዬ አራት ኪሎ ነው። ወደዚህ ጨዋታ ያስገባችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልትማር ባተን ሩዥ ሄደች፤ ከዚያ ደወለችና “አክስቴ፣ ይህ ጨዋታ ላንቺ የተሠራ ነው። እያንዳንዷ ውርወራ ትመዘገባለች” አለችኝ። እውነቷን ነበር። ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው እሷ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ቡድን የ2025 የሻምፒዮና ዘመን ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ግን እኛ እንደምንቆጥራቸው እጽፋለሁ፤ ደብተሬም ላይ የሰፈሩት እንዲሁ ነው።

ቡድን ስትመርጡ ትናንት ያሸነፈውን አትመልከቱ። ዘመድ ያለበትን ከተማ ተመልከቱ። አሜሪካ ሰው ያለው የአዲስ አበባ ቤት ብዙ ነው፤ ኦስቲን ዘመድ ያለው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን መያዝ ይችላል፣ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤተሰብ ያለው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ይያዝ፣ በ2015 ዋንጫውን ወስዷል። አትላንታ ያለው ጆርጂያ ቴክን፣ ሲያትል ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን። የምታውቁት ሰው ከስታዲየሙ አጠገብ ሲኖር ዝናብ መጣሉን፣ ሰው መሙላቱን፣ ልጁ ክንዱን ይዞ መውጣቱን ከሰንጠረዥ ቀድሞ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ ርቀቱን በእግር ለኩት

ስልክ ላይ ብቻ የታየ ቤዝቦል ልብ አይገባም። ሲባጎና ሜትር ይዛችሁ ጃን ሜዳ ሂዱ፤ የገና ጨዋታ የሚካሄድበት ሰፊ ሜዳ ለዚህም ይበቃል። ሲባጎውን 18.44 ሜትር ላይ ቋጥሩትና ዘርጉት። አንደኛው ጫፍ ወርዋሪው የሚቆምበት ነው፣ ሌላው ጫፍ መቺው ዱላውን ይዞ የሚጠብቅበት። አሁን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ያንን ርቀት ሲሸፍን አስቡ፤ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። የወንድሜ ልጅ በአንደኛው ጫፍ ቆሞ፣ እኔ በሌላው ሆኜ ስንተያይ ነው መምታት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ገና ሁለተኛ ዓመት ያልጨረሰ ወጣት በዚያች ቅጽበት ውስጥ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይምጣ ወይስ ይታጠፍ አይቶ መወሰን አለበት።

ቀጥሎ 27.43 ሜትር ለኩ። በአንዱ ቤዝና (ሯጩ በሚረግጠው ማዕዘንና) በሌላው መካከል ያለው ርቀት ይህ ነው። አራት ጊዜ ብትዞሩበት ካሬ ይሆናል፤ መቺው ኳሱን መትቶ ያንን ካሬ ዞሮ ከተነሣበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቆጠራል።

ሕጉ ብዙ ነው፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። ዘጠኝ ሰው በሜዳ፣ ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር)፣ በየኢኒንጉ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት አውት (ከጨዋታው የሚወጣ መቺ ወይም ሯጭ)። መቺው ሦስት ስትራይክ (ሰንዝሮ የሳተው ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፈው ኳስ) ከተቆጠረበት፣ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ፣ ወይም እሱ ሳይደርስ ኳሱ ቤዙ ላይ ከቀደመው አውት ነው። አራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ የመጣና ያልሰነዘረበት ኳስ) ከተወረወረለት ወደ አንደኛ ቤዝ በነጻ ይሄዳል። የሚያልቅ ሰዓት የለም፣ አቻ መውጣትም የለም፤ እኩል ከሆኑ ይቀጥላሉ። የኮሌጆቹ ዱላ እንደ ባለሙያዎቹ የእንጨት አይደለም፤ ድምፁን ስትሰሙ ብረት መሆኑን ታውቃላችሁ። የቀረውን ደብተሩ ያስተምራችኋል።

ሰዓቱ

አብዛኛው ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ግን ነገሩን ያቀልለዋል። ባተን ሩዥም ኦማሃም በአሜሪካ መካከለኛ ሰዓት ይሠራሉ። ከመጋቢት መጀመሪያ ጀምሮ፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ካዞሩ በኋላ፣ በማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር ሁለት ደምሩበት፤ የሚመጣው የእኛ ሰዓት ነው። እነሱ ከቀኑ 1 ካሉ ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 6 ካሉ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በየካቲት ግን ሰዓታቸውን ገና ስላላዞሩ ሦስት ትደምራላችሁ። የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የሚወጡት በምሥራቁ ሰዓት ነው፤ ለዚያ በበጋቸው አንድ፣ በየካቲት ሁለት መደመር ይበቃል።

ቀኑም አያሳስታችሁ። እነሱ ቅዳሜ ምሽት የሚሉት ጨዋታ ለእኛ ለእሑድ አጥቢያ ነው። በደብተሩ ላይ የእነሱን ቀን ያዙ፤ አለበለዚያ ኋላ የወርዋሪውን የዕረፍት ቀን ስትቆጥሩ አንድ ቀን ይጎድላል ወይም ይተርፋል።

ሌሊቱን ሁሉ መንቃት አያስፈልግም፤ አልመክርምም። በመደበኛው ውድድር አንድ ቡድን እስከ 56 ጨዋታ ይጫወታል። ያንን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያይ የቀን ሥራ ያለው ሰው ጤናውን ይጎዳል። እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ የሌሊቱን ጨዋታ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንብቡት። የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ገጾች እያንዳንዷን ውርወራ በጽሑፍ ያወጣሉ፤ ጽሑፉ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የኔትወርክ መቆራረጥም ብዙ አይጎዳውም። ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ግዙ፣ ፓወር ባንካችሁንም ቀን ሙሉት። በሰኔ ዝናብ መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ጨዋታውም ደግሞ አይጠብቅም። የዩኒቨርሲቲውን የሬዲዮ ስርጭት በጆሮ ማዳመጫ መስማት ከሁሉ ይሻላል፤ ቤተሰብ አይረበሽም፣ እጃችሁም ለመጻፍ ነጻ ይሆናል።

ደብተሩ

ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ባለ ካሬ መስመር ወፍራም ደብተር ግዙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን፤ አምስት ወር ያገለግላል። እርሳስና ላጲስ ያዙ፣ እስክሪብቶ አይሆንም፤ ዳኞች ውሳኔ ይቀይራሉና።

በግራው ገጽ ተጋጣሚው፣ በቀኙ የእናንተ ቡድን ይስፈር። ወደ ታች ዘጠኙ መቺዎች በተራቸው፣ ወደ ጎን ዘጠኙ ኢኒንጎች። በሜዳው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ ይህን በቃላችሁ ያዙት። ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ የሚቀበለው 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል የሚቆመው 6፣ ከኋላ የግራው 7፣ የመሐሉ 8፣ የቀኙ 9። እነዚህ በማሊያ ላይ ያሉ ቁጥሮች አይደሉም፣ የቦታ ቁጥሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ድርጊት በጥቂት ምልክት ይጻፋል። መቺው ኳሱን መሬት ለመሬት መትቶ ቁጥር 6 አንሥቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ከወረወረው፣ በመቺው ካሬ ውስጥ 6-3 ትጽፋላችሁ። ኳሱ ሽቅብ ወጥቶ የመሐሉ ተከላካይ ከያዘው 8 ብቻ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ እያለ ሁለቱም በአንድ ምት ከወጡ 6-4-3፤ ይህችን ስጽፍ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፣ ሦስት ልጆች ሳይነጋገሩ የሚሠሩት ሥራ ነውና። በሦስት ስትራይክ ለወጣ አሜሪካውያን የራሳቸውን ፊደል ይጽፋሉ፤ እኔ “ስ” እጽፋለሁ፣ ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ ያለፈው ከሆነ አሰምርበታለሁ። ለነጻ ማለፊያ “ነ”። ነጥብ ያገባውን ካሬ በእርሳስ አጥቁሩት። ጠዋት ገጹን ስትከፍቱ ጥቁሮቹ ካሬዎች የተሰበሰቡበት ኢኒንግ ጨዋታው የተበላሸበት ወይም የተፈታበት ነው።

መጀመሪያ ላይ ይዘገያል። በዝግታ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ካለቁ በኋላ ከጽሑፉ እየገለበጣችሁ ተለማመዱ፤ እኔ ከሥራ መልስ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነበር የምገለብጠው። እጅ ሲለምድ በቀጥታ እየሰሙ መጻፍ ይመጣል።

የወርዋሪዎች ሒሳብ

ከደብተሩ ጀርባ ያሉትን ገጾች ለዚህ ብቻ አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ወርዋሪ አንድ ገጽ ስጡ፤ ዓምዶቹ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ የገባበት ኢኒንግ፣ የወረወራቸው ኳሶች ብዛትና ካለፈው ጨዋታ ወዲህ ያረፈባቸው ቀናት ይሁኑ። የኳሶቹ ብዛት ከጨዋታው በኋላ በሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ አለ።

የኮሌጅ ሳምንት አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናው ፍልሚያ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ይደረጋል። ዓርብ የሚወረውረው የቡድኑ ምርጥ ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ሁለተኛው፣ እሑድ ሦስተኛው። በሳምንቱ መካከል ደግሞ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሌላ ቡድን ጋር ይጫወቱና ለወጣቶቹ ዕድል ይሰጣል። ይህ ሥርዓት ለሳምንታት ሳይናጋ ከሄደ ቡድኑ ጤነኛ ነው። የዓርቡ ልጅ አንድ ዓርብ ሳይታይ ከቀረ፣ ከጋዜጠኞቹ በፊት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ገጹ ባዶ ነውና።

እኔ የምሠራበት መለኪያ ይህ ነው። መቶ ገደማ የወረወረ ለሳምንት ያህል እንደሌለ ቁጠሩት። ከሠላሳ እስከ ሃምሳ የወረወረ ሁለት ቀን ይረፍ። ከሃያ በታች ከሆነ ነገም ሊመጣ ይችላል። የኮሌጆቹ ማኅበር በወርዋሪዎች ላይ ያስቀመጠው የኳስ ገደብ የለም፣ ውሳኔው የአሠልጣኙ ነው። ስለዚህ መለኪያው አሠልጣኙ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግራችኋል፤ ምን እንደሚያደርግ ግን ሁልጊዜ አይነግራችሁም።

በ2018 የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስለዚህ ጨዋታ ሳስብ ከሚያስጨንቁኝ ነገሮች ዋናው ነው። ኦሪገን ስቴት ኦማሃ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ተሸንፎ ከታች እየወጣ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ አርካንሳ ለዋንጫው አንድ አውት ብቻ ቀርቶት ነበር። ኳሱ ሽቅብ ወጣ፤ ሦስት ተከላካዮች ሮጠው በመካከላቸው ወደቀ። መቺው ቀጥሎ አቻ የሚያደርገውን ምት መታ፣ ትሬቨር ላርናክ ደግሞ ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ ያለፈ ምት) ጨመረና ጨዋታው ተገለበጠ። በማግስቱ ለኦሪገን ስቴት የወረወረው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ኬቨን ኤቤል ነበር። ያለፈውንም ጨዋታ ለጥቂት ገብቶ ወርውሮ ነበር፤ በማንኛውም ሒሳብ ማረፍ የነበረበት ልጅ ነው። ዘጠኙንም ኢኒንግ ወረወረ፣ 129 ኳስ፣ አንድም ነጥብ ሳይገባበት 5 ለ 0። በአንድ ኦማሃ አራት ጨዋታ በማሸነፍም የመጀመሪያው ወርዋሪ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ክርኑ ተጎድቶ የጅማት ቀዶ ሕክምና አደረገ። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ግን ገጹን የሚይዝ ሰው የሚደመረው ቁጥር የአንድ ወጣት ክንድ መሆኑን እንዳይረሳ እለምናለሁ። ልጆቹ ደመወዝተኛ ባለሙያዎች አይደሉም፤ ሰኞ ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ናቸው።

ስለ መቺዎች ብዙ አልላችሁም። መቺዎች የሚታዩ ናቸው፤ ማንም ያወራላቸዋል።

ግንቦት

ግንቦት 18 ገደማ 64ቱ ቡድኖች ይታወቃሉ። ከፊሎቹ የየሊጋቸውን ዋንጫ ወስደው በቀጥታ ይገባሉ፣ የቀሩትን ኮሚቴ ይመርጣቸዋል። በ16 ቦታዎች አራት አራት ሆነው ይጫወታሉ፤ ይህ ሪጅናል ይባላል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይወጣል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ሳይሸነፍ የሚሄድ ቡድን ሪጅናሉን በሦስት ጨዋታ ይጨርሳል። የመጀመሪያውን የተሸነፈ ግን ቀጥሎ አራት በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ በአራት ቀን ውስጥ አምስት ጨዋታ ማለት ነው። ያን ሁሉ የሚሸፍን ክንድ ያለው ቡድን እምብዛም አይገኝም። ዓርብ ምርጡን ወርዋሪ ማሰለፍ ወይስ ለቅዳሜ ማቆየት የሚለው ጥያቄ አሠልጣኞችን እንቅልፍ የሚነሣው ለዚህ ነው።

የ2025ቱን የባተን ሩዥ ሪጅናል ተመልከቱ። ሉዊዚያና ስቴት ሊትል ሮክን 7 ለ 0፣ ዳላስ ባፕቲስትን 12 ለ 0 አሸነፈና ሁሉም ያለቀ መሰለ። እሑድ ከሊትል ሮክ ጋር በድጋሚ ተገናኘ፤ ከአሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጥ፣ የሊጋውን ዋንጫ ድንገት ወስዶ የገባ ቡድን ነበር። ሉዊዚያና ስቴት 10 ለ 4 ተሸነፈ። ግንቦት 25፣ ሰኞ፣ የመጨረሻ ዕድል። ዓርብና ቅዳሜ የሚወረውሩት ሁለቱ ልጆች ለዚህ ሰኞ አይደርሱም ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ ኬሰን ኢቫንስ ከተጠባባቂዎቹ ቦታ ተነሥቶ ረጅም ወረወረና 10 ለ 6 አለፉ። በሳምንቱ አጋማሽ ጨዋታዎችና በየጨዋታው መገባደጃ ላይ የሚገቡትን ወጣቶች ገጽ ከየካቲት ጀምሮ የያዘ ሰው የኢቫንስ ስም አያስደነግጠውም።

ከሪጅናል ቀጥሎ ሱፐር ሪጅናል ነው፤ 16 ቡድን፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። ሉዊዚያና ስቴት ዌስት ቨርጂኒያን 16 ለ 9 እና 12 ለ 5 አሸንፎ ጨረሰ። ሦስተኛ ጨዋታ አለማስፈለጉ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በደብተራችሁ አስምሩበት።

ሰኔ፣ ኦማሃ

የመጀመሪያው የኮሌጆች ሻምፒዮና በ1947 በካላማዙ፣ ሚሺጋን ተካሄደ፤ ካሊፎርኒያ የልን አሸነፈ። ለየል አንደኛ ቤዝ ላይ የተጫወተው ወጣት ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ነበር። ከ1950 ጀምሮ ውድድሩ ከኦማሃ፣ ነብራስካ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በየካቲት የዓመቱን ግባቸውን ሲጠየቁ “ኦማሃ” ይላሉ እንጂ “ዋንጫ” አይሉም።

ስምንቱ ቡድኖች በሁለት ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡም ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይወጣል። ሁለቱ የምድብ አሸናፊዎች ከሦስት ሁለት ይጫወታሉ። እዚህ ስትደርሱ የጀርባ ገጾቻችሁን ለሁለቱም ቡድን ክፈቱ።

2025ን በሒሳቡ በኩል እንየው። ሰኔ 7፣ ኬድ አንደርሰን ወርውሮ ሉዊዚያና ስቴት አርካንሳን 4 ለ 1 አሸነፈ። በዚያች አንዲት ውጤት የሁለቱ ቡድኖች ሳምንት ተለያየ። አርካንሳ ከታች መውጣት ነበረበት፤ ሰኔ 9 ወርዋሪው ጌጅ ውድ በመሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ በኦማሃ ታሪክ ሦስተኛ የሆነውን፣ ከ1960 ወዲህም የመጀመሪያውን አንድም ምት ያልተመታበት ጨዋታ ወረወረ። 19 ሰው በስትራይክ አስወጣ። የማይረሳ ሥራ ነው፤ ክንዱ ግን 119 ኳስ ወርውሯል፣ ስለዚህ ከሁለት ቀን በኋላ ሉዊዚያና ስቴት በድጋሚ ሲመጣ ጌጅ ውድ አልተሰለፈም። ሉዊዚያና ስቴት በበኩሉ ከሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ከዩሲኤልኤ ጋር የጀመረውን ጨዋታ የአየር ሁኔታው አቋርጦበት በማግስቱ 9 ለ 5 ጨረሰ።

ሰኔ 11፣ ለቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ፣ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። አርካንሳ በመጨረሻው ኢኒንግ 5 ለ 3 ይመራ ነበር። በግራ በኩል የተመታው ኳስ ተከላካዩን አመለጠው፣ አቻ ሆነ። ቀጥሎ ጃሬድ ጆንስ መታና 6 ለ 5 አለቀ። ስጨርስ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ዜማ በመስኮቴ ይሰማ ነበር፤ ባተን ሩዥ ላለችው ልጃችን ደወልኩ፣ ከጩኸቱ የተነሣ አልተሰማማንም። ጠዋት ግን በደብተሬ ላይ ያየሁት ከምቱ የሚበልጥ ነገር ነበር። አንደርሰን ከሰኔ 7 ወዲህ አልወረወረም። የአርካንሳ ሰዎች አንድ ጨዋታ ብቻ ቢያሸንፉ ኖሮ ማግስቱን ሌላ ይኖር ነበር፣ አንደርሰንም ምናልባት ይጠራ ነበር። አልተጠራም። ስድስት ቀን ሙሉ አርፎ ለፍጻሜው ቀረበ።

ሰኔ 14 ተጋጣሚው 26 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው ኮስታል ካሮላይና ነበር። በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦማሃ ገብቶ በዚያው ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ሉዊዚያና ስቴት በመጀመሪያው ኢኒንግ አንድ ነጥብ አገባ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነጥብ አልታየም። አንደርሰን ዘጠኙንም ኢኒንግ በ130 ኳስ ጨረሰ፣ ሦስት ምት ብቻ ተመታበት፣ አሥር ሰው በስትራይክ አስወጣ፤ 1 ለ 0። ገጹ ላይ “የዕረፍት ቀናት” በሚለው ዓምድ ስር 6 ቁጥርን እዩና ውጤቱን እንደገና አንብቡት። በማግስቱ ሁለተኛው ልጅ አንተኒ አያንሰን ከስድስት ኢኒንግ በላይ ወርውሮ ዘጠኝ አስወጣ፣ 5 ለ 3፣ ለዩኒቨርሲቲው ስምንተኛ ዋንጫ። የኮስታል አሠልጣኝ በመጀመሪያው ኢኒንግ ከዳኛ ጋር ተጋጭቶ ተባርሮ ነበር፤ ጋዜጦቹ በብዛት የጻፉት ስለዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ታላቅ ተብሎ የተጀመረ ቡድን ሁልጊዜ አይጨርስም። በ1999 ማያሚ አንደኛ ተብሎ ተመድቦ ካሸነፈ ወዲህ፣ አንደኛ የተባለ ቡድን ዋንጫ ያነሣው በ2024 ነው፤ ቴነሲ። በ2022 ያሸነፈው ኦል ሚስ ከ64ቱ በመጨረሻ የተመረጠ ነበር። በ2008 ፍሬዝኖ ስቴት ከሪጅናሉ አራት ቡድኖች የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ገብቶ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ቡድናችሁ በሚያዝያ ቢሸነፍ ደብተሩን አትዝጉ፤ የጀርባ ገጾቹን ተመልከቱ። ሦስት ጤነኛ ወርዋሪ ካለው ገና ነው።

ሐምሌ

ዋንጫው ከተነሣ በኋላ ሒሳቡን ዝጉ። ለእያንዳንዱ ወርዋሪ የኳሶቹን ድምር ከገጹ ግርጌ ጻፉ። ቡድኑ እዚያው ይበተናል፤ በሐምሌ ባለሙያ ቡድኖች ምርጦቹን ይወስዳሉ፣ አንደርሰንን ሲያትል በሦስተኛ ተራ ወሰደው። ሌሎች ይመረቃሉ፣ ጥቂቶች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ። የአዲሱ ዘመን ተጫዋቾች ዝርዝር በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ሲወጣ አዲስ ደብተር ግዙና የተመለሱትን ወርዋሪዎች ስም ገልብጡ፤ በስማቸው ትይዩም ካለፈው ዓመት የዞረውን ድምር አስፍሩ። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ስም ኬሰን ኢቫንስ ነው።